ሰባተኛውን አንቴና ማን ነካው

የትናየት ስትቀጠር የሰማይ መመልከቻ ጣቢያው ኮምፒውተር ጉድ ነበር። ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ በሰሊጥ ማሳዎች መሀል የተተከሉት አንቴናዎች ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ ይለቅማሉ። እያንዳንዱ አንቴና የት እንደቆመና ወዴት እንደሚያይ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሞዴል ፋይል የሚባለው ነው፤ እሱ ከተሳሳተ ሰማዩ ተምታቶ ይመጣል። ታዲያ እነዚያ ፋይሎች ስማቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ይሄኛው ነው»! አበስኩ ገበርኩ!

ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብላ መልክ አስያዘችው። አንድ አንቴና በተነካ ቁጥር አዲስ ቨርዥን፣ ማለትም አዲስ የፋይሉ ቅጂ፣ ይከፈትና ምን እንደተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን እንደለወጠው ይጻፍበታል። አሮጌው አይጠፋም። አንዴ የገባውን እሷ ራሷም አትሰርዘውም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ የኬብል ሠራተኛ ሥራውን አስጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሰው መጥቶ አዲስ ቨርዥን አላስከፈተም። የዋህ ናትና «እሰይ፣ ዘንድሮ ሰላም ነው» ብላ ደስ አላት።

መጋቢት ላይ የበጋው ምልከታ ተገጣጥሞ ምስል ሲሠራ ተበላሽቶ ወጣ። አንድ የነበረው ደማቅ ነጥብ ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ። ኃላፊው ዶክተር አንዱዓለም ከጎንደር ደወሉ።

«የትኛው አንቴና ከመቼ ጀምሮ እንደተነቃነቀ እስከ ዓርብ ንገሪኝ። ካልሆነ የበጋውን ሥራ በሙሉ እጥለዋለሁ» አሏት።

የትናየት ስልኩን ዘግታ ተነሳች። ያ በጋ ጣቢያው ሳይቋረጥ የሠራበት የመጀመሪያው ነው፤ እንዴት ይጣላል? ሜትር ይዛ በዚያ ሙቀት አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ስትለካ ዋለች። ሰባተኛው ከቦታው ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብሏል። ግርጌው አዲስ ሲሚንቶ ነው፤ ያውም እንዴት ያለ ሲሚንቶ፣ ያማረ የተወለወለ!

የመስክ ቴክኒሻኑን ጋሽ ደምለውን ጠየቀቻቸው። «እኔ እንጃ» አሉና ወደ ትራክተራቸው ዞሩ።

እየተነጫነጨች ጥበቃዋ እትዬ ፋናዬ ወደሚቀመጡበት፣ ራኩባ ወደሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ገባች። «እዚህ ግቢ ሲሚንቶ ራሱን ያቦካል እንዴ?» ብትል እትዬ ፋናዬ ሳቁ።

«ልጄ፣ ያቺ ‹ማን ለወጠው› የምትዪያት ነገር ናት። አምና ያ የኬብል ሠራተኛ፣ ትዕዛዙ፣ ኬብል ቀየርኩ ብሎ ስሙን አስጻፈ። ውሉ ሲያልቅ አላደሱለትም። በዚያ ይሁን በሌላ እግዜር ይወቀው። አሁን ማን ደፍሮ ስሙን ይሰጥሻል?»

የትናየት መጀመሪያ ተናደደች፤ እሷ ለማወቅ እንጂ ለመክሰስ መች ጠየቀች? ቀጥሎ ግን አፈረች። ሰላም ነው ያለችው ፍርሃት ነበር ለካ። ቢሮ ገብታ አዲስ ቨርዥን ከፈተች። «ሰባተኛ አንቴና፣ ተንቀሳቅሷል። ከመቼ ጀምሮ፦ አልታወቀም። የለወጠው ሰው፦ የትናየት።» ከዚያ ጋሽ ደምለውን ጠርታ አሳየቻቸው።

«ስም አልጠይቅዎትም ጋሼ፣ የኔን አስገብቻለሁ። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ። በጋው ሊጣልብን ነው።»

ጋሽ ደምለው ስክሪኑን አይተው አይተው ተነፈሱ።

«የኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። በጣቢያው ትራክተር የእህቴን ሰሊጥ ሳወጣ፣ ተሳቢው ወደኋላ ሲመለስ ገጨው። ጉድጓዱ ስለፈረሰ ፈቀቅ አድርጌ ተከልኩት። በይ ስምሽን አጥፊው።»

«የገባ አይሰረዝም።»

«የራስሽን ሕግ እንኳ አትሽሪም?»

«የራሴንም አልሽርም።»

«እንግዲያው ከሥሩ ሌላ ክፈቺ። ደምለው ብለሽ ከነአባቴ ጻፊው። ያንን ሲሚንቶ አንቺ አቦካሽው ቢባል ማን ያምናል?»

በቀኑ መሠረት ምስሉ እንደገና ተሠራ። ሁለቱ ነጥብ አንድ ሆነ፣ ግን ጅራት አበቀለ። የትናየት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ እትዬ ፋናዬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«አሥራ ሁለተኛው የኔ ነው። የጥምቀት ዕለት አህያዬን አስሬበት ጎትታ አዘመመችው። በድንጋይ ደግፌ ያቃናሁት መስሎኝ ነበር፤ ቦታውን ስላልለቀቀ ሜትርሽ አላየውም። ደምለው ካስጻፈ እኔ ከሱ በምን አንሳለሁ? ጻፊኝ።»

«ኧረ እትዬ! ያን ሁሉ እየሳቁ ሲነግሩኝ የራስዎን ደብቀው!»

«ታዲያ ላልቅስልሽ?»

ማዘንበሉን ለክታ ጻፈቻቸው። ጅራቱ ጠፋ።

ዓርብ ዶክተር አንዱዓለም ደወሉ። ጋሽ ደምለውና እትዬ ፋናዬ ደጅ ቆመው ስለ ሙቀቱ የሚያወሩ መስለዋል፤ ጆሯቸው ግን ቢሮ ውስጥ ነው።

«ምስሉ ጥሩ ነው፤ በጋው ተርፏል» አሉ ዶክተሩ። «ግን እነዚህን የነካኩ ሰዎች መጠየቅ አለባቸው። እነማን ናቸው?»

«ስማቸው ፋይሉ ላይ አለ ዶክተር። የዘንድሮውን ከላይ ጀምረው ያንብቡት።»

«ከላይ ማን አለ?»

«እኔ» አለች የትናየት። «ከኔ ይጀምሩ።»