የሸብ ጣዕም

እኔ ፈሪ ነኝ። ጨለማ አያስፈራኝም፣ አይጥ አያስፈራኝም፣ ያ ፊቱ የማይፈታው የዳንስ አለቃችን ሙሴ ባርናቤ እንኳ አያስፈራኝም። የምፈራው የጋዝ መብራት ነው። በዚያ በፓሪስ ዳርቻ ባለች ትንሽ ቲያትር ቤታችን፣ ከመድረኩ ጎን ተራችንን የምንጠብቅበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ነበልባሉ ያለ ክዳን ሲንቀለቀል ያመሻል። እኛ ባሌት ደናሾቹ ደግሞ ቱቱ የሚባለውን ድርብርብ የሻሽ ቀሚስ ለብሰን በአጠገቡ እንተላለፋለን። ጭድ ከእሳት ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር ማለት ይኸው ነው።

ጓደኛችን ሲዶኒ እዚያው ተቃጠለች። ደንግጣ ሮጠች፤ ስትሮጥ ነፋሱ እሳቱን አባሰው። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ቀሚሴን ሸብ የሚባለው ጨው በሟሟበት ውሃ ሳልነክር ለብሼ አላውቅም። ሸብ የጠጣ ሻሽ እሳት ቢነካው ይጠቁራል እንጂ አይነድም። ችግሩ ነጩ ደብዝዞ ቢጫ ይመስላል፣ ጨርቁም ይገተራል። ስለዚህ ማንም አይወደውም። «የወጥ ቤት መጋረጃዋ መጣች!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከመልበሴ በፊት የቀሚሴን ጫፍ በምላሴ እነካለሁ፤ ሸቡ አፌን ጭምድድ ሲያደርገው ነፍሴ መለስ ትላለች።

ለራሴስ መላ አበጀሁ፤ ለታናሽ እህቴ ለዜሊ ግን ምን ላድርግ? በደመናዎቹ ዳንስ የንጋት ኮከብ ሆና ብቻዋን እንድትወጣ ተመረጠች። ያን ቀን ሁሉም ሲስማት እኔ የታየኝ መብራቱ ነው።

«ዜሊዬ፣ የኔ እናት፣ ቀሚስሽን ልንከርልሽ» አልኳት።

«ወይ ኦርታንስ! አሁንስ አበዛሽው። ኮከብ እኮ ነኝ! ቢጫ ኮከብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በሕይወት ያለች ቢጫ ትሻላለች።»

«ቅናት ነው፤ ሌላ አይደለም።»

እማማ ከልብስ ማጠቢያዋ ቀና አለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችን። «ተያት ልጄን! ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጌቶች በመነጽር ነው የሚያዩዋት። የአጣቢ ልጅ በደበዘዘ ቀሚስ ትታይ? እኔን ልታዋርጂኝ ነው?»

«ሲዶኒንም በመነጽር ሲያዩዋት ነበር።»

«ዝም በይ፣ ሟርተኛ!»

 በማግስቱ የትርኢቱ ዋዜማ ነበር፤ ሁለቱ የጫማ ጥብጣብ ሊገዙ ሲወጡ የዜሊን ቱቱ በሸብ ውሃ ነክሬ፣ ምድጃው አጠገብ አድርቄ፣ ወደ ቦታው መለስኩት። ሲመሽ በሻማ ብርሃን ልዩነቱን ማንም አላየም። ከሲዶኒ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጠዋትም እያንጎራጎርኩ ቀድሜያቸው ወደ ቲያትር ቤቱ ሄድኩ።

ትርኢቱ ተጀመረ። እኛ ደመናዎቹ በግማሽ ክብ ተንበርክከን፣ አንገታችንን ሰብረን፣ እንደ ሥዕል ደርቀን ቀረን። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፣ ከመተላለፊያው አፍ ላይ። የሙሴ ባርናቤ ሕግ አንድ ናት፦ «ደመና አይሮጥም!» ኮከቧ እስክትወጣ የዓይን ሽፋን ያርገበገበች ትቀጣለች።

ዜሊ መተላለፊያው ውስጥ ብቅ አለች። አየኋትና ክው አልኩ። ቀሚሷ ያበራል። የደበዘዘ ነገር የለበትም፤ አዲስ የወረደ በረዶ ነው የሚመስለው። ከኋላዋ እማማ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ፈገግ ብላ ሁለት ጡጫዋን በአየር ላይ ፈተገች፣ ልብስ እንደሚታጠብ።

አጥባዋለች። በቀን ብርሃን መደብዘዙን አይታ፣ ለልጇ ክብር ብላ፣ ሸቡን እስከ መጨረሻው ጠብታ አጥባ አውጥታዋለች!

 ዜሊ ፈርታለች፤ ብቻዋን ስትወጣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ዓይኗ የማረፊያ አግዳሚዋን ፈለገ። አግዳሚዋ ያለችው ከመብራቱ ሥር ነው። እኛ ደግሞ ቱቱ ላይ አንቀመጥም፤ ይጨማደዳል። ከኋላ ወደ ላይ ገልበን፣ እንደ ዶሮ ጭራ ዘርግተን ነው የምንቀመጠው። ከልጅነታችን ስለለመድነው እጃችን ሳያማክረን ይሠራዋል።

ዜሊ ጀርባዋን ለመብራቱ ሰጠች። እጇ ወደ ኋላ ሄደ።

ሮጥኩ። ተመልካቹ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ስደርስ ሻሹ ተነስቶ ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ የምታምር ነገር ስትራመድ አየሁ።

«አትሩጪ!» ብዬ በሆዷ ጣልኳት። የወገቡን ማሰሪያ በጥሼ ቱቱውን ከላይዋ ስገፍፈው እጄ ውስጥ ቦግ አለ። ወረወርኩት። የቲያትር ቤቱ እሳት ጠባቂ እርጥብ ብርድ ልብሱን ጣለበት። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ከዚያ ሁሉ ሻሽ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ጥቁር ነገር ነበር።

ሙሴ ባርናቤ እየደነፋ ደረሰ። «ደመና አይሮጥም ብዬ...» መሬቱን አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሙዚቃው ኮከቧን ይጠራል። የራሴን ቀሚስ አውልቄ ለዜሊ ዘረጋሁላት። ደብዛዛ፣ ቢጫ፣ ግትር። አየችው። «እሰሪልኝ» አለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። መዳፌ ተልጦ ማሰር አቃተኝ። እማማ ከወደቀችበት በጉልበቷ እየዳኸች መጥታ አሰረችላት።

ዜሊ ወጣች። እኔ የውስጥ ልብሴን በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍኜ እያለቀስኩ፣ የሻሹን ኮሽታ ጭብጨባው እስኪውጠው ድረስ አዳመጥኩ።

ዜሊ «እውነትሽን ነበር» ብላኝ አታውቅም። አልጠብቅም፤ ግትርነቷ ከእናታችን የወረሰችው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ተራዋ ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የቀሚሷን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች። ፊቷ ጭምድድ እስኪል እኔ አልተነፍስም።