ቀይ ቀለም የተቀባው ሮቃ

ፍሬሕይወት ነጅሙዲንን አታምነውም ነበር። እሷ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፤ እሱ የሶሲዮሎጂ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው የሮቢ ወንዝ ዳር ዛፎች እንዳይጠፉ ምን ይሻላል፣ ተመካክራችሁ በጋራ አጥኑ ብሎ አንድ መኪና ሰጥቶ ሸዋ ሮቢት ሰደዳቸው። በጋራ የያዙት ግን መኪናውን ብቻ ሆነ። እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ተቀምጠው፣ የቆላውን ሙቀት ከማማረር በቀር አይነጋገሩም።

ጠዋት ጠዋት ፍሬሕይወት ወንዝ ዳር ወርዳ ከተረፉት የሮቃ ዛፎች ለዘር የሚሆኑትን እየመረጠች ግንዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ትቀባለች። እነዚህ እናት ዛፎች ካለቁ በዚያ አገር የሚተከል የሮቃ ዘር አይገኝም። ነጅሙዲን ደግሞ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከገበሬዎች ጋር ሲጫወት ይውላል። እሷ ብቅ ስትል ጨዋታው ቀጥ ይላል። ይሄ ነገር አንገበገባት። ወሬ ሲለቅም ውሎ አበል የሚበላ ሰው ነገ ሥራዬን የራሱ ያደርገዋል ብላ፣ ቀለሙ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረችውም። እሱም ቢሆን የባሰበት ተጠራጣሪ ነበር። የግብርና ቢሮ ዓይን ናት ብሎ ስለደመደመ፣ ከሰዎቹ የሰማውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ዝም ነው።

አንድ ማለዳ ሁለቱም ወደ ወንዙ ሲወርዱ ቀለም የተቀቡት ሮቃዎች ተገንድሰው ጠበቋቸው። ያልተቀቡት ግን እንዳሉ ናቸው። ፍሬሕይወት ነጅሙዲን ላይ አፈጠጠች። ገበሬዎቹን ምን ብሎ እንዳሳመፃቸው ጠየቀችው። ምንም አላልኩም ብሎ ማለላት። መሐላው ጭራሽ ንዴቷን አባሰባት።

ይህን ሲባባሉ ከወንዙ ማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰሙ። ትናንት የቀባችው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሮቃ ያለው እዚያ ነው። በውሃው ውስጥ እየተደነቃቀፉ ተሻገሩ። የማሳው ባለቤት ጋሼ ሷሊሕ ግንዱን በአንድ ጎኑ ጀምረውታል። ፍሬሕይወት በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት ብላ ለመነቻቸው።

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን ተደግፈው ላባቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ደስ ብሎኝ የምቆርጠው ይመስልሻል? አያቴ የተከለው ነው። ይሄ ልጅ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያ ሮቃ የማነው፣ ይሄስ የማነው ይላል። በማግሥቱ አንቺ ትመጪና ትቀቢዋለሽ። ባለፈው የመሬት ሽግሽግም እንዲሁ አንዱ ጠየቀ፣ አንዱ ምልክት አደረገ፣ መሬታችን ሄደ። አሁንም ዛፉን መንግሥት ሳይወስደው እንጨቱ ለልጆቼ ይትረፍ ብዬ ነው።»

ፍሬሕይወት ወደ ነጅሙዲን ዞረች። እሱ መሬት መሬት ያያል። ሰዎቹ ቀለሙን እንደሚፈሩት ሰምቶ እንደነበር፣ ግን የቢሮው ትእዛዝ መስሎት እንደተወው አመነ።

«ለዘር ነበር እኮ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እንዳይቆረጡ ብዬ ነው የቀባኋቸው።»

ነጅሙዲን ይህን የሰማው ገና አሁን ነው። ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ጋሼ ሷሊሕም አዩት።

«በአንድ መኪና ትመጣላችሁ፣ በአንድ መኪና ትመለሳላችሁ» አሉ። «ይሄን ሳትነጋገሩ ነው የከረማችሁት? እኔ ይሄን ልመን?»

እውነቱ ይኸው ነበር፤ የሚታመን ግን አልነበረም። ሽማግሌው አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ መጥረቢያቸውን አንስተው ወደ ጀመሩት ግንድ ተመለሱ።