ለአቶ ዋቅወያ የተሠራው መቀመጫ

ገመቺስ የሞተር ሳይክሉን መቀመጫ ነቅሎ ግቢው ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ሚስቱ ሜቲ ከበር ላይ ሆና፣ «ይኸን ነገር ደግመህ አስበው። አባትህ ቤት ውስጥ እንኳ ተደግፈው ነው የሚቀመጡት» አለችው።

አስቦታል። ከሐሙስ ወዲህ ሌላ ያሰበው ነገር የለም። ሐሙስ ዕለት ከገጠር የመጣ ሰው፣ የአባቱ ታላቅ እህት አዳዳ ወሰኔ እህል መቅመስ ማቆማቸውን ተናግሮ ሄደ። መንደራቸው መኪና አይገባበትም፤ ወይ በእግር ወይ በሞተር ነው። አባቱን አቶ ዋቅወያን ደግሞ አምና ደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዛቸውም።

«እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት» አሉ በተኮላተፈ አንደበት። «ካልወሰድከኝ በደረቴ እየተሳብኩ እሄዳለሁ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ።»

ሞተሩ ላይ ለሚገጠመው ወንበር መደገፊያውን ባኬ ጃማ ሰፈር ያለ በያጅ ከቱቦላሬ ብረት ሠራለት። የቀረው የገመቺስ ሥራ ነበር። ኮምፔንሳቶ ቆረጠ፤ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አውጥቶ በማስቲሽ ለጠፈ፤ ሰውነት እንዳይንሸራተት ግራና ቀኙን ከፍ አደረገው። ካረጀ መኪና የወጣ ቀበቶም ፈልጎ አገኘ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ገብረወልድ ሌዘሩን ሰፍቶ ሲያመጣ ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሸጋ ነው። ግን ሳትፈትነው ሰው እንዳታስቀምጥበት» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት በአባቱ ክብደት ልክ በቆሎ የተሞላ ጆንያ አስሮ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ሲመታ ከኋላው ቀው የሚል ድምፅ ሰማ። መደገፊያው ተለምጦ፣ ጆንያው ተገልብጦ፣ በቆሎው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። አላፊ አግዳሚው ሳቀ። ገመቺስ ግን መንገድ ዳር ቁጭ አለ። አባቱ ቢሆኑስ ኖሮ?

ቤት ሲደርስ አቶ ዋቅወያ በረንዳው ላይ ነበሩ። የጎደለውን ጆንያ አዩት።

«እኔ ነኝ የወደቅኩት?»

«አዎ፣ አባ።»

«በል አጠንክረው።»

ብረቱ ላይ ሁለት ድጋፍ ተጨመረበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ጊዜ በጆንያ ፈተነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ማለዳ ሜቲ አማቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ቀበቶውን በገዛ እጇ ቆልፋ ጸለየችላቸው።

ገመቺስ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥን ነዳ። በየመቶ ሜትሩ «አባ?» ይላል። «አለሁ» ይሉታል። አስፋልቱን ለቅቀው ትንሽ እንደሄዱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተው። ሞተሩን አቁሞ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የአባቱ ቀኝ እግር ከመርገጫው ተንሸራቶ ማርሚታው፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተጣብቋል። የጫማቸው ሶል ይቀልጣል።

«አባ! አላቃጠለዎትም?»

«ምን ያቃጥለኛል? ምንም አልተሰማኝም።»

ይበልጥ ያስደነገጠው ይኸው ነበር። ጫማውን አወለቀላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ጥቂት ቀልቷል እንጂ ቆዳው አልተላጠም። «እንመለስ ይሆን?» አለ። አባቱ በደህናው እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ፎጣ አውርደው ሰጡት። እግራቸውን ከመርገጫው ጋር አጥብቆ አሰረላቸው፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ረፋዱ ላይ ደረሱ። አዳዳ ወሰኔ ወንድማቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ሲገቡ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ዋቅወያ! በምን መጣህ?»

«ልጄ በሠራው ወንበር።»

«ወንበር ደግሞ መንገድ ይሄዳል?» አሉና ለመሳቅ ሞከሩ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያወሩ ዋሉ። ገመቺስ የቀረበለትን ምሳ ሙልጭ አድርጎ በላ፤ እንዲህ መራቡን አላወቀም ነበር።

በአሥረኛው ቀን አዳዳ ወሰኔ ዐረፉ። አቶ ዋቅወያ ለቀብርም የሄዱት በሞተሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ለቀኝ እግራቸው ዙሪያው በቆርቆሮ የተከለለ ማስቀመጫ ተሠርቶላቸው ነበር።

ከለቅሶው በኋላ የሺአረግ የምትባል የሰፈራቸው ሴት መጣች። እናቷ መራመድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «ለኔም እንደዚያ ያለ ወንበር ሥራልኝ» ብላ ለመነችው። ገመቺስ ወደ ሞተሩ ሄዶ የወንበሩን ቀበቶ ሳብ ሳብ አድርጎ አየ። ከዚያ ዞሮ፣ «ክብደታቸው ምን ያህል ይሆናል?» አላት።