የዴርቭላ ገንዳ

"ጭራዋን ያዝ! ጭራዋን ነው የምልህ!"

ፌስቲ የዓሣዋን ጭራ ለመያዝ ሲያጎነብስ አዳለጠውና እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ዓሣዋ ከመረቡ አልወጣችም። ማላኪ እርጥብ ጆንያ ከሥሯ አስገብቶ ወደ ዳር ጎተታት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠጠሩ ላይ ዘጭ ብለው እያለከለኩ ተያዩና ሳቃቸው መጣ።

"አንድ ቀን ከዚህ ወንዝ ሬሳህን ነው የማወጣው" አለ ማላኪ።

"አንተ ደግሞ! ቦት ጫማህን ለማውለቅ ጎረቤት የምትጠራ ሰውዬ እኔን ልትቀብር?"

ኅዳር በገባ ቁጥር የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እንቁላል ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዙ የሚወጡትን ሳልሞን የተባሉ ዓሦች ይይዛሉ፤ ሆዳቸውን እያሹ እንቁላላቸውን ያልባሉ፤ ከማላኪ መኝታ ቤት ጀርባ ባለችው ማስፈልፈያ ያስፈለፍላሉ፤ ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ መልሰው ወንዙ ውስጥ ይለቃሉ። ድሮ መረቡን ለመሳብ አራት ጎረምሳ ያስፈልግ ነበር። ዘንድሮ ሳምንቱን ሙሉ በብርድ ተገርፈው ያገኙት አንድ ወንድና ይህችን አንዲት እናት ብቻ ነው። እሷም ባትገኝ ጉዳቸው ፈልቶ ነበር፤ የአጥማጆቹ ማኅበር ዘንድሮ እንቁላል ካልተገኘ ማስፈልፈያዋ ትዘጋ ብሎ ወስኗል።

ማስፈልፈያዋን ያቋቋመችው የማላኪ ሚስት ዴርቭላ ናት። ባሕሩ እየሞቀ፣ በባሕረ ሰላጤው ካለው እርባታም የዓሣ ቅማል እየወጣ ሳልሞኖቹን ሲፈጃቸው፣ ሰፈርተኛው መጠጥ ቤት ተሰብስቦ ያማርር ነበር። እሷ ግን የከብት በረቷን አጸዳችና ገንዳ አስገባችበት። ከዚያ ወዲህ የምንጩ ውኃ ቀንም ሌሊትም በቧንቧ ሲወርድ ኖሯል። አልጋቸውን ከማስፈልፈያዋ ጋር ወደሚያዋስነው ግድግዳ ያስጠጋችው እሷ ነበረች፤ ያንን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጎልዌይ ከተማ እኅቷ ቤት ያደሩ ጊዜማ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ተኝታ፣ እኅትየው በማግሥቱ ያልተናገረቻት አልነበረም።

ካረፈች ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ማላኪ ዛሬም ግድግዳው ሥር ይተኛል። ውኃው ሲወርድ ከሰማ ጓሮ ያለች እየመሰለው ሆዱ ይረጋጋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ዓሣዋን ማስፈልፈያው አስገቧት። ሳፋው ተዘጋጅቷል። እንቁላሉን ከወንዱ ዘር ጋር የሚያማስሉባት የዝይ ላባ ዴርቭላ ከሰቀለችበት ምስማር ላይ ናት። ማላኪ እጆቹን እስኪደነዝዙ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ የሰው እጅ ሙቀት ዓሣ ያቃጥላል። ዴርቭላ እንዲህ እጇን ካቀዘቀዘች በኋላ፣ የዓሣዋን ሆድ ከመንካቷ በፊት "ይቅርታ እመቤት" ትላት ነበር። እሱ ደግሞ ይስቅባት ነበር። ምነው ባልሳቀ!

ፌስቲ ዓሣዋን አቅፎ ያዘ። የማላኪ እጅ ሆዷ ላይ ሳይደርስ ጀርባዋ ላይ ቀረ። ከጭራዋ ከፍ ብሎ ያለችውን ትንሽ ክንፍ በጣቱ ዳሰሳት።

"ክንፏ አለ" አለ።

"እና? ዘውድም ቢኖራት ምን አገባን? እለባት፣ እጄ ሊቆረጥ ነው!"

የሚለቋቸውን ጫጩቶች በኋላ ለመለየት ያችን ክንፍ ይቆርጡላቸዋል። ይህች የእነሱ አይደለችም፤ ወንዙ ራሱ ያሳደጋት ናት። ገንዳው ውስጥ የሚጠብቀው ወንዱም እንደዚያው ባለ ክንፍ ነው።

"ከለቀቅናቸው ውስጥ ዘንድሮ አንድ እንኳ ተመልሶ አየህ?" ሲል ጠየቀ ማላኪ።

ፌስቲ ለቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋ። "አላየሁም" አለ።

ዴርቭላ ሳትታመም በፊት፣ ጫጩቶቹን የለቀቁ ዕለት፣ እግረ ረጅም ዓሣ በል ወፍ መጥታ ውኃው ላይ ቆመች። ገንዳ ውስጥ ያደጉት ሚስኪኖች ጥላ ሲያርፍባቸው ምግብ የሚበተንላቸው መስሏቸው፣ አፋቸውን ከፍተው እግሯ ሥር ተሰበሰቡ። የወንዙ ልጆች ግን ገና ድሮ ድንጋይ ሥር ገብተዋል። ወፏ በላች፣ በላች። ዴርቭላ "ማላኪ፣ ምንድን ነው የምንሠራው?" አለችው። እሱም "ብርዱ ጠነከረ፣ እንግባ" አላት።

"ፌስቲ፣ የዚችን ልጆችስ ጥላ ሲያዩ አፍ እንዲከፍቱ ላስተምራቸው?"

"ከለቀቅናት ማስፈልፈያዋ ትዘጋለች። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"የዴርቭላ ቤት ናት እኮ ማላኪ!"

"አውቃለሁ አልኩህ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "ቤቷን የሠራችው ለወንዙ ነው።"

ሁለቱን ዓሦች በእርጥብ ጆንያ ይዘው ጠጠሩ ንጹሕ ወደሆነው የላይኛው ጅረት ወጡ። ማላኪ እናቲቱን ፊቷን ወደ ወራጁ ውኃ አዙሮ፣ አቅሟ እስኪመለስ ደግፎ ያዛት።

"ይቅርታ እመቤት" አላት። አንዴ ተወራጨችና ከእጁ ወጣች። ወንዱን ፌስቲ ለቀቀው።

ሲመለሱ ማላኪ ማስፈልፈያው ገብቶ ቧንቧውን ዘጋ። ድምፁ ሲጠፋ ሁለቱም ባሉበት ቆሙ። ፌስቲ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ገንዳው ባዶም ቢሆን ይፍሰስ እንጂ፣ ማን ከለከለህ?" አለው ቀስ ብሎ።

"አይ፣ ይብቃ። ና አንድ ነገር አግዘኝ።"

መኝታ ቤት ይዞት ገባ። በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ወደ ወንዙ የሚያሳየው መስኮት ለዓመታት ሳይከፈት ኖሯል። ማላኪ በቡጢ ደለቀው፤ ተንቋቋና ተከፈተ። ብርዱ ወንዙ ከሚያሰማው ድምፅ ጋር ገባ። ማላኪ የአልጋውን ራስጌ ያዘ።

"አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ብርድ መስኮት ሥር ልትተኛ ነው? ወገቤንስ ማን ያሽልኛል?"

"ግፋ ባክህ ፌስቲ" አለው።