አፈ ቅቤ ራሱን የረታበት ችሎት

በሆቴሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በነጻ የወጣ ሠራተኛ የለም። ኮሚቴው ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥረው ነበር። ሊቀመንበሩ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ "እኛ ዘንድ ጥፋት የሌለበት ሰው አይከሰስም" ይላል። እንዲህ ከሆነ ተከሳሹን መስማት ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ አልነበረም። ሻይና ብስኩት ስለሚቀርብ ይሆናል።

ያን ሰሞን ተራው የልብስ ተኳሿ ሆነ። ተኳሿ በላውንደሪ ክፍል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የምትተኩስ፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጇንና እናቷን በዚያች ካውያ የምታኖር ሴት ናት። ለትልቅ ስብሰባ ጠረጴዛ ሊለብስ ጥድፊያ በሆነበት ከሰዓት፣ የካውያዋ ገመድ ሶኬቱ አጠገብ ብልጭ ብልጭ ይል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸት ጀመር። ነቀለችው። የላውንደሪው ኃላፊ "ሰኪውና ቀጥዪ" አላት። "እርስዎ ይሰኩት" አለችው። ወንጀሉ በቃ ይኸው ነው። እሱም አልሰካውም፤ የክስ ማመልከቻ ጻፈ እንጂ።

ክሱ "የአለቃን ትእዛዝ በሰው ፊት መናቅ" የሚል ሲሆን ቅጣቱ ስንብት ነው። በጥፋት የተሰናበተ ሰው ደግሞ የሌላ ሆቴል በር ቢያንኳኳ ዘበኛውን እንኳ አያልፍም።

የላውንደሪውን ኃላፊ ሠራተኛው "አፈ ቅቤ" ይለዋል። "ልበ ጩቤ" የሚለውን የተረቱን ግማሽ ፈርተው ትተውለታል። በዚህ ጉዳይ ከሳሹ እሱ፣ ብቸኛው ምስክር እሱ፣ የኮሚቴው ጸሐፊም እሱ ነበር፤ በአንድ መቀመጫ ሦስት ወንበር የያዘ ሰው። ችሎቱ በተቀጠረበት ቀን የሚስቱ እህት፣ "ለጊዜው" ተብላ፣ በተኳሿ ጠረጴዛ ላይ አንሶላ ማጠፍ እየተማረች ነበር። ፍርዱ ከችሎቱ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

የሆቴሉ ደንብ ለተከሳሽ አንድ ደግነት አለው፦ ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባ አምጥቶ ማናገር ይችላል። ተኳሿ ስትለምን ከረመች። የማጠቢያ ማሽኑ ሠራተኛ ያን ቀን ጀርባውን ሰጥቶ እንደነበረ ነገራት። ሰውየው ከተቀጠረ ጀምሮ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ፎጣ የምታጥፈዋ እሺ ብላ፣ በእናቷ ምላ፣ በቀጠሮው ጠዋት ጥርሷን አመማት። በኮሚቴው ውስጥ የሠራተኛው ተወካይ ሆኖ የሚቀመጠው ሾፌር ደግሞ እንደ ወንድም መከራት። "እቱ፣ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ፤ ለይቅርታ ምስክር አያስፈልግም።" ባላጠፋችው ይቅርታ ብትጠይቅ ይቅርታዋ ራሱ ማስረጃ እንደሚሆንባት ሾፌሩን አልጠፋውም። ብስኩቱ እንዳይቀርበት ግን ይፈራል።

ብቻዋን ገባች። አፈ ቅቤ ክሱን በለሰለሰ ድምፁ አነበበ። ሊቀመንበሩ ለደንቡ ያህል የሚናገርላት ባልደረባ እንዳለ ጠየቃት። እንዳላት ተናገረች። ማን እንደሆነ ሲጠይቃት ጣቷን ወደ አፈ ቅቤ ዘረጋች።

"እሳቸው።"

"ከሳሽሽ ነው እኮ።"

"ጉዳዩን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞ እዚህ ቤት አፍ ያለው ሌላ ሰው አላገኘሁም።"

ሾፌሩን በሳቅ ብስኩቱ ትን አለው። ሊቀመንበሩ ደንቡን ገለጠ። ደንቡ "ጉዳዩን የሚያውቅ የሆቴሉ ሠራተኛ" ይላል እንጂ ከሳሽ አይሁን አይልም። ሊቀመንበሩ ሰውን ይረግጣል እንጂ ፊደል አይረግጥም። ግራ ገብቶት ገጹን ሲያገላብጥ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይቺን እንኳ እሱም አይችላት" አለ።

ይህን ማለት አልነበረበትም። አፈ ቅቤ በሆቴሉ ጡረታ የወጣውን ሁሉ በንግግር ሸኝቷል። በማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ተናግሮ፣ ባለቤቲቱ "ይህ ደግ ሰው ማን ነው?" ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ሟቹን አስውቧል። አይችልም የተባለ ንግግር አጋጥሞት አያውቅም። ከረባቱን አስተካከለ፤ ተነሥቶም ከተኳሿ ጎን ቆመ።

ስለ እናትነት ጀመረ፤ ስለ ሥራ ክቡርነት ቀጠለ። ሾፌሩ ብስኩት ማኘኩን አቆመ። አፈ ቅቤ ይህን ሲያይ ከሳሹን እንዲጠይቅ እንዲፈቀድለት አመለከተ። ተፈቀደለት። ወደ ባዶው የከሳሽ ወንበር ዞሮ፣ ብልጭታውን አይቶ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ የለም። ሊቀመንበሩ ሥርዓት እንዲጠበቅ ብሎ፣ ከሳሽ መመለስ ያለበት ከራሱ ወንበር ሆኖ መሆኑን አሳሰበ። አፈ ቅቤ ተነሥቶ ሄደና ተቀመጠ።

"አይቻለሁ" አለ።

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ልማዱም ነው። ነገር ግን "አላየሁም" ቢል ያ ያማረ ጥያቄ እዚያው ይሞትበታል። የራሱን ጥያቄ በገዛ እጁ መግደል አንጀቱ እምቢ አለው። ተመልሶ በተኳሿ ጎን ቆመ፣ "ሰኪው" ያላት እያየ እንደሆነ ጠየቀ፣ እዚያ ማዶ ሄዶ እያየ መሆኑን አመነ። እንደገና ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንተስ ለምን አልሰካኸውም?"

በዝግታ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ፈራሁ።"

ከዚያ ብድግ ብሎ እየተጣደፈ ተመለሰ፤ ባዶውንም ወንበር በጣቱ ወጋው። "ፈርቷል። እሱ ሊነካው የፈራውን ነገር እሷ እንድትነካ ያዘዘ ሰው እሱ ነው። የተናቀው ትእዛዝ አይደለም፤ የተናቀው የሰው ነፍስ ነው።"

የሾፌሩ ዓይን እንባ አቀረረ። አፈ ቅቤ ግንባሩን ጠርጎ፣ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

ሊቀመንበሩ ንግግሩ ግሩም እንደነበር መሰከረ። ወዲያው ብዕሩን አነሣ። "እንግዲህ ጠዋት በተነጋገርነው መሠረት ስንብቱን እናጽድቅ።"

"ሰምታችሁኛል?" አለ አፈ ቅቤ።

"ሰምተንሃል።"

"ከሰማችሁኝ የጠዋቱን እንዴት ትወስናላችሁ?"

"የጠዋቱን የተነጋገርነው እኮ ካንተ ጋር ነው።"

"ጠዋት ይህን ንግግር አልሰማሁም ነበር።"

በዚያ ቤት ስንቱ ሳይሰማ ተባሯል። የስንቱን ስንብት አፈ ቅቤ በገዛ እጁ እየጻፈ፣ በላዩ ሻይ እየጠጣበት ኖሯል። አንድ ቀን አልቆረቆረውም። ዛሬ ግን ያልተሰማው እሱ ራሱ ሆነና ደሙ ፈላ። ጉዳዩ የተኳሿ እንጀራ ሳይሆን የንግግሩ ክብር ነው። ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው እሱ መሆኑን፣ ከተናገረው አንዲት ቃል እንደማትቀር፣ "ጠዋት" የምትለዋም እንደምትገባ አስታወቀ። ሊቀመንበሩ ይህቺ "ጠዋት" ከፍ ካሉት አለቆች ዘንድ ብትደርስ ምን እንደምታስከትል አሰበ፤ ብዕሩንም አስቀመጠ። ተኳሿ በነጻ ተለቀቀች። የገመዱን ነገር ሌላ ኮሚቴ ተቋቁሞ እንዲያጠናው፣ እስከዚያው ካውያው "በጥንቃቄ" እንዲሠራበት ተወሰነ። ተኳሿ እንደማትሰካው ነገረቻቸው። ልሰካው ብሎ የደፈረ ስላልነበረ አዲስ ካውያ ተገዛ። የአፈ ቅቤ የሚስት እህት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማታ በአፈ ቅቤ ቤት የተካሄደው ችሎት ይግባኝ እንደሌለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ንግግሩ ግን አምሮለት ኖሮ፣ አፈ ቅቤ ከ"ጠዋት" በቀር ሁሉንም በቃለ ጉባኤው ጽፎት ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ አነበበውና "አደጋ እያየ ያዘዘ ኃላፊ" ሲል በቸልተኝነት ከሰሰው። ሊቀመንበሩም እንደ ልማዱ፣ ፍርዱ ከችሎቱ በፊት የሚያልቅበትን የጠዋት ስብሰባ ጠራ።

አፈ ቅቤ የሚናገርለት ባልደረባ ፍለጋ ወጣ። የማጠቢያ ማሽኑ ሠራተኛ ጀርባውን ሰጠው። ፎጣ አጣፊዋ የጥርስ ሕመሟ አገረሸባት። ሾፌሩ ይቅርታ ቢጠይቅ እንደሚሻለው መከረው። በመጨረሻ ከተኳሿ ጠረጴዛ ፊት መጥቶ ቆመ።

"እህቴ፣ ያን ቀን ቆሜልሻለሁ።"

"ቆመውልኛል" አለች ከካውያዋ ቀና ሳትል። "ቁጭ ብለውም ከሰውኛል።"

"ታዲያ አትናገሪልኝም?"

"እናገራለሁ እንጂ። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። ግን እንደርስዎ አፍ የለኝም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።"

አፈ ቅቤ ያየችውን አሰበና ፊቱ ጠቆረ። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እንግዲያው ጠዋት ተገናኝተን ብንነጋገርበትስ?"

"ጠዋት ሥራ አለብኝ" አለችው፤ ቀጣዩንም አንሶላ ሳበች።