ከታች አራት ሴንቲ

ልብስ ሰፊዋ ፍሬም ቤቱ ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አልበቃት ብሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቴአትር ቤት ጓዳ ተቀምጣ ንጉሡንም ለማኙንም ስታለብስ ኖራ፣ ጡረታ የወጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። ባልደረቦቿ የመጨረሻ ሥራዋን ፖስተር ጠቅልለው መሸኛ ብለው ሰጧት። እሷ አልጋ ሥር ልትከተው ነበር። "ይሰቀላል!" ብላ እየጎተተች ያመጣቻት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ናት።

እህትየው ግድግዳውን ቀድማ ለክታለች። "ከቁም ሳጥኑ እስከ በሩ ሰባ ሴንቲ ነው፤ ከዚያ እንዳያልፍ" አለች ገና ሰላም ሳትል።

ፍሬም ሠሪው ከጠዋት ጀምሮ የምረቃ ፎቶ ሲያስገባ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለካው። ወርዱ ስድሳ ሁለት፣ ቁመቱ ሰማንያ ስምንት።

"ስድሳ በሰማንያ የሆነ የተዘጋጀ አለኝ፤ አሁኑኑ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ" አለ። "ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ፣ ከላይና ከታች አራት አራት ሴንቲ ብቆርጥለት ልክክ ይላል። ከላይ ባዶ ነው፤ ከታችም ማንም የማያነበው ጥቃቅን ጽሑፍ ነው።"

"ቁረጠውና ገላግለን" አለች እህትየው።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መናገሩ ራሱ ከብዷታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልክ ስትወስድ ኖራ ለራሷ ልክ መጠየቅ አልለመደችም። ምላጩን ሲያነሳ ግን ዝም ማለት አቃታት።

"ከታች አይቆረጥ። የሚቆረጥ ከሆነ ጠቅልልልኝና ልሂድ።"

"እሺ፣ እናቴ። ካርቶን እናድርግበታ።" በወረቀቱና በፍሬሙ መካከል የሚገባውን ነጭ ወፍራም ካርቶን አሳያት። መሃሉ እንደ መስኮት ተቆርጦ ይወጣል። "ዳር ዳሩን አንድ ሴንቲ ቢሸፍን ነው።"

መነጽሯን አደረገችና ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ከመጨረሻው መስመር እስከ ወረቀቱ ጫፍ አንድ ሴንቲ እንኳ የለም።

"ይበላዋል" አለች።

"ምኑን ነው የሚበላው?" የእህትየው ትዕግሥት አለቀ። "እዚያ ታች ምን አለ?"

ፍሬም ሠሪው ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። "አልባሳት" አለና ስሟን ከነአባቷ ጮክ ብሎ ጠራው።

እህትየው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "እስቲ ድገመው።"

ደገመላት።

"አባባ ናቸው እኮ! አባባን ልናስቆርጣቸው ነበር? አንቺ ደግሞ፣ አፍ የለሽም?"

"ሲጽፉኝ የመጀመሪያቸው ነው፣ እትዬ። እዩልኝ እዩልኝ ማለት ሆነብኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች።

ፍሬም ሠሪው እርሳሱን ከጆሮው አነሳ። "እንግዲያው መስኮቱን ከወረቀቱ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ አሰፋዋለሁ። ፖስተሩ ከኋላ ካለው ሰሌዳ ላይ ይያያዛል፤ ጠርዙ በሙሉ ይታያል። ካርቶኑን ከላይና ከጎን ሰባት ሰባት፣ ከታች ዘጠኝ አደርገዋለሁ።"

"ከታች ለምን በለጠ?" አለች እህትየው።

"እኩል ከሆነ ለዓይን ወደ ታች የወረደ ይመስላል።"

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህ ለእሷ አዲስ አይደለም። እሱ ደምሮ ወርዱ ሰባ ሰባት እንደሚሆን ነገራቸውና እህትየውን በፍርሃት አየት አደረጋት።

"ቁም ሳጥኑን እንገፋዋለን" አለች እህትየው።

"ማን ነው የሚገፋው? እኔ ጉልበቴ አልቋል።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ? ጎረቤት አለ አይደል!"

ፍሬም ሠሪው አንድ ሰዓት ብቻ እንዲታገሡት ለምኖ ካርቶኑን መቁረጥ ጀመረ። መዶሻው ሳይጀምር ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። የመዶሻው ድምፅም አልቀሰቀሳት። ጨርሶ፣ መስታወቱን ወልውሎ ሊቀሰቅሳት ሲጠጋ እህትየው እጁን ያዘችው።

"ተዋት እባክህ፤ አንቸኩልም" አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።