ሰልጣኙ በርበሬ ነጋዴ

ቡታጅራ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በሪፖርት ላይ የበሽታ መለያ ኮድ የምትሞላው ሃፊዛ ነበረች። በ2002 ኮዱ ተቀየረና ሠራተኛ ለሥልጠና ተጠራ። የክሊኒኩ ባለቤት ግን አበሉ ከቤተሰብ እንዳይወጣ ብሎ የሚስቱን ወንድም፣ በርበሬ ነጋዴውን ሸምሶን ላከ። ሸምሶም አበሉን በልቶ፣ የሥልጠናውን ቦርሳ አንግቶ ተመለሰ።

"ምን አሉ፣ ጋሼ?" ብትለው፣ "ያው የድሮው ነው" አላት።

በሦስተኛው ወር ተቆጣጣሪ መጥቶ ሪፖርቱ ሁሉ በአሮጌው ኮድ መሞላቱን አየ። ባለቤቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ለአዲስ ነገር ግድ የለሽም!" ብሎ አባረራት።

እርር ድብን ብላ ሸምሶ ሱቅ ሄደች፤ እውነቱን እንዲመሰክርላት። እሱ ግን "አይዞሽ፣ አላህ የተሻለ ይሰጥሻል" ብሎ ማባበያ በርበሬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

ቤቷ ገብታ መጠቅለያውን ፈታችው። አዲሱ ኮድ ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ ተደርድሮበታል።